ጨው የበላው ግንብ

(የዱንስከሪ ግንብ ትኬት ቆራጭ ኤፊ፣ በሩ ላይ እንዳወራችው)

ግባ እንግዳ፣ ግባ፤ ይኸው ትኬትህ፣
ሁለት ፓውንድ ብቻ፣ መልሱም በእጅህ።
ደረጃው ያዳልጣል፣ ገመዱን ያዝ አንተ፣
አምና አንድ ፕሮፌሰር እግሩን እዚህ ሳተ።

ይህ የምታየው ግንብ፣ ግማሹ የሌለው፣
ጊልክሪስት የሚሉት ጌታ የገነባው፣
ከባሕሩ ጋራ እልህ ተጋብቶ ነው።
"ማዕበል ከደጄ አይደርስም" ብሎ ምሎ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ድንጋይ አስፈልፍሎ፣
ስድስት ክንድ አደረሰው የግንቡን ውፍረቱን፤
ባሕሩም ዝም አለ፤ ላከበት ጨውን።

በእጅህ የያዝከው ባለሥዕል ወረቀት፣
ይተርክልሃል ስለ አረንጓዴዋ ሴት፦
ስሟም ማርሳሊ ነው፣ የጌታው ልጅ ነበረች፣
ካንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር በልቧ ሸፈተች።
አባቷም በቁሟ ከግንቡ ውስጥ ደፈናት፣
አንዲት ቀዳዳ ትቶ ባሕሩን ሊያሳያት።
ዛሬም በጨለማ ፋኖስ አንጠልጥላ፣
በግንቡ አናት ላይ ትሄዳለች ጥላ፤
መብራቷን ያየ ሰው ከባሕር አይመለስ፣
እናቱ ብትጮኽ፣ ሚስቱ ብታለቅስ።

አለቀ ወረቀቱ። ጀርባው ማስታወቂያ፣
የሻይ ቤት ዋጋ ነው፣ የመኪና ማቆሚያ።

እኔ ግን ሌላ ነው ከአያቴ የሰማሁት፣
ከእሳቱ ዳር ሆነን፣ በአንድ ክረምት ሌሊት።
የእሱ አያት ዱጋልድ ነው ያቺን ሴት የሰፋት፣
አረንጓዴ ቀሚስ በወሬ ያለበሳት።
ለምን? በል ጠይቀኝ። ከግንቡ ሥር ዋሻ፣
ከዋሻው ውስጥ በርሜል፣ የብራንዲ መሸሻ፤
ቀረጥ ያልቀመሰ፣ ከፈረንሳይ መጥቶ፣
በጨለማ የሚወርድ፣ በፋኖስ ተጠርቶ።
እሱ ነው የታየው፣ ያ ነበር መብራቱ፤
ቀራጭ እንዳይቀርብ ሴት ሆነች ፍርሃቱ።
ጠመንጃ የማይፈራ የንጉሥ ወታደር፣
የሙት ቀሚስ አየሁ ብሎ ሲሸሽ ሲያድር!

ማርሳሊ ግን አለች። ስሟን አይቻለሁ፣
ከሂሳብ መዝገቡ፣ በጣቴ ነክቻለሁ፦
"ማርሳሊ፣ ጨው ቀቃይ፣ የስድስት ልጅ እናት፣
ካለፈው ሥራዋ ሦስት ፔኒ ቀሪ አላት።"
በቃ። ይኸው ናት። ሌላ ቃል የለበት።
ስንት ክረምት ሙሉ ባሕሩን ቀቅላ፣
በጢስ ተጨናቁራ፣ በጨው እጇ ቆስላ፣
አፈር ውስጥ ገባች ሦስት ፔኒ ተከልክላ።
ያላወቃት ጌታ ዋጋዋን ቢነሳት፣
ጨው ቀቃይ ነበረች፤ ተረት ጨዋ አረጋት።

ግማሹስ የት ሄደ? ጠላት አልናደውም፤
መድፍ አልተተኮሰም፣ መብረቅ አልመታውም።
ውረድና እያት ቁልቁል መንደራችንን፣
የአሳማውን ጋጣ፣ የቤቶቹን ማዕዘን፤
በየምድጃው ላይ ጥርብ ድንጋይ አለ፣
ከጌታው አዳራሽ ሌሊት የኮበለለ።
እኔ ቤት ያለው ላይ ግማሽ አንበሳ አለበት፤
ድመቴ ናት ዛሬ ጀርባዋን የምታክክበት።

የቀረውን ደግሞ... የዛሬ ስምንት ዓመት፣ በጥር ወር ውርጅብኝ፣
የምሥራቁ ማማ ሲወድቅ ተሰማኝ፤
ሸክም ከትከሻ ላይ እንደሚወርድ ወረደ፣
ጠዋት ወጥቼ ሳይ፣ ቦታው ሰማይ ወለደ።
ጨው አልጥም ሲል ነው፣ ድንጋይ ነህ ተብሎ፣
ከደጅ የሚጣለው፣ ሰው እግር ሥር ውሎ።
እዚህ ግን ድንጋዩ ጨው ሆኖ ይሟሟል፤
በየዓመቱ ጥቂት ባሕሩ ይቀምሳል።
እኔ እንደሚመስለኝ፣ ዕዳ ሰብሳቢ ነው፤
የማርሳሊን ሦስት ፔኒ በድንጋይ የሚቆጥረው።
ወለዱ ብዙ ነው። ገና አልጨረሰው።

በል ውጣ፣ ከላይ ነፋስ አለ፤ ያዝ ባርኔጣህን።
ማታ ከጫፉ ላይ መብራት ቢያይ ዓይንህ፣
ሽሽትም አያሻ፣ አይውጣ ጩኸትህ፤
በሩን ስቆልፍ ነው። እኔ ነኝ ያየኸኝ።
አረንጓዴው ካፖርት፣ መሥሪያ ቤቱ ነው የሰጠኝ።